ሄዶ ያየ ይመስክር፦ ስለ ኢንተርንሺፕና ስለ ክሬዲቱ

የተከበራችሁ ወላጆች፣ የፋብሪካና የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች፣ መምህራን ባልደረቦቼ፣ እናንተም ዘንድሮ ክረምት ኢንተርንሺፕ የምትወጡ ልጆቻችን፤  ሦስቱ ከተሞቻችን፣ ሰበታ፣ ሱሉልታና ቡራዩ፣ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአንድ የሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ቢጠቃለሉም፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሄድ አብዛኛው ሰው ዛሬም አዲስ አበባ ገብቶ፣ ታክሲ ቀይሮ፣ በሌላ በር ይወጣል። የኢንተርንሺፕ ደብዳቤዎቻችንም መንገዳቸው ይኸው ነው፤ ሁሉም ወደ አዲስ አበባ ይነጉዳሉ፣ ደጃችን ያለው ሥራ ጠያቂ ያጣል።

ነገሬ ስለ አንዲት ኮርስ ነው። በኮምፒውተር ሳይንስ ሥርዓተ ትምህርት ውስጥ ብዙውን ጊዜ «ኢንዱስትሪያል ፕራክቲስ» ትባላለች። ተማሪው ሦስተኛ ዓመትን እንደጨረሰ ክረምቱን መሥሪያ ቤት ገብቶ ይሠራል፣ ሪፖርት ጽፎ ያቀርባል፣ ክሬዲቷን ይወስዳል። እነዚህን ልጆች መላክም ሲመለሱ መፈተንም ሥራዬ ሆኖ ቆይቷል። ዛሬ የምሟገተው ለአንድ ነገር ብቻ ነው፦ ለዚህች ኮርስ ክሬዲት ሊሰጥ የሚገባው፣ ተማሪው የሠራበት ቦታ ድረስ ሄዶ ሥራውን በዓይኑ ያየ መምህር ሲኖር ነው። ያላየ መምህር የሚሰጠው ግሬድ የማኅተም ግሬድ ነው።

አሁን የሚሆነውን አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። ሰኔ ላይ ተማሪው ከዲፓርትመንቱ የትብብር ደብዳቤ ይቀበላል። ደብዳቤው «ለሚመለከተው ሁሉ» ይላል፤ ለሁሉም የተጻፈ ደብዳቤ ደግሞ ማንንም አይመለከትም። ልጁ ፎቶ ኮፒውን ይዞ በር ለበር ይዞራል። ጥበቃው ያስቆመዋል፣ ጸሐፊዋ «ነገ ተመለስ» ትለዋለች፣ የሰው ኃይል ኃላፊው «ዘንድሮ ሞልቷል» ይለዋል። ሰው ያለው በአንድ ስልክ ይገባል። ከገባም በኋላ ፕሪንተር ወረቀት ሲነክስ ያላቅቃል፣ ኮምፒውተር ፎርማት ያደርጋል፣ ዊንዶውስ ይጭናል፤ ሲሰለቸው ስልኩን ይነካካል። ነሐሴ መጨረሻ ላይ የግምገማ ቅጹን ያስሞላል። ቅጹ ላይ ሰዓት አክባሪነት፣ ታዛዥነት፣ ከሠራተኛው ጋር ያለው ግንኙነት የሚሉ ሣጥኖች አሉ። ሁሉም ሣጥን «እጅግ በጣም ጥሩ» ይባልበታል፣ ክብ ማኅተም ያርፍበታል፣ በፖስታ ታሽጎ ወደ እኔ ይመጣል። እከፍተዋለሁ፤ ስለ ኮምፒውተር ሳይንስ አንዲት ቃል የለበትም።

ሪፖርቱም ከዚህ አይሻልም። ግማሹ የድርጅቱ ታሪክ፣ ራዕይና ተልዕኮ ነው። የቀረው ካለፈው ባች የተወረሰ ነው። በአንድ ወቅት ለየብቻ ሁለት ድርጅት የወጡ ሁለት ተማሪዎች ያቀረቡት «ያጋጠሙኝ ችግሮች» የሚለው ምዕራፍ የፊደል ግድፈቱ ሳይቀር አንድ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። አሁን ደግሞ ቻት ጂፒቲ መጥቶ ግድፈቱን አርሞላቸዋል።

ልጆቹን ብቻ አልወቅስም። እኛ መምህራን ያልሄድንበትን ቦታ በወረቀት ልናውቀው ስለፈለግን፣ እነሱም ወረቀት ሰጡን።

ክሬዲቱም ኢንተርንሺፑም ከየት እንደመጡ ትንሽ ላውጋችሁ። እ.ኤ.አ. በ1906 አሜሪካ ውስጥ ሁለት ነገሮች ተወለዱ። አንዱ ካርኔጊ ዩኒት የሚባለው ነው፤ ተማሪው ክፍል ውስጥ የተቀመጠበትን ሰዓት ቆጥሮ ትምህርትን የሚለካ። ዛሬ ክሬዲት አወር የምንለው የዚያ ዘር ነው። የሚያስቀው መነሻው የመምህራን ጡረታ መሆኑ ነው፤ ለመምህራኑ ከካርኔጊ ፋውንዴሽን የጡረታ ገንዘብ የፈለገ ኮሌጅ፣ ከሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሲቀበል በዚህ መለኪያ እንዲመዝን ይጠበቅበት ነበር። በዚያው ዓመት ደግሞ ኸርማን ሽናይደር የሚባል የሲንሲናቲ ዩኒቨርሲቲ የኢንጂነሪንግ መምህር 27 ተማሪዎችን ጥንድ ጥንድ አደረጋቸው፤ አንዱ ክፍል ሲቀመጥ ሌላው ፋብሪካ ይሠራል፣ ሳምንቱ ሲያልቅ ይቀያየራሉ። እ.ኤ.አ. በ1957 የተመሠረተው የካናዳው ዋተርሉ ዩኒቨርሲቲም ገና ከጅምሩ ትምህርቱን በዚህ መንገድ አደራጀ፤ ዛሬ በኮምፒውተር ሳይንስ ስሙ የሚጠራው በአብዛኛው በዚሁ ነው። እንግዲህ በአንድ ዓመት ከተወለዱት ሁለት ነገሮች፣ እኛ የወንበሩን ቆጠራ አጥብቀን ይዘን የፋብሪካውን ነገር ለወግ ያህል ጨመርነው።

እኛም ዘንድ ግን የዚህ ሥራ ታሪክ አለ፤ ደግሞም የሚያኮራ ነው። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የሳኒቴሽን ተማሪዎቹን በቡድን አድርጎ፣ እንደ ደንቢያው ቆላ ድባ ባሉ ጤና ጣቢያዎች ያሠለጥን ነበር። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪዎቹን ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶቹ ይልክ ነበር፤ አብዛኞቹ አስተማሩ፣ ያን አገልግሎት ያልፈጸመም አይመረቅም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1983 የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ሆኖ የጀመረው ጅማ ደግሞ ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርትን መለያው አደረገ፤ ዩኒቨርሲቲ ከሆነም በኋላ የሕክምናው ተማሪ ብቻ ሳይሆን ሌላውም ቀበሌ ወርዶ መረጃ ሰብስቦ፣ ችግር ለይቶ፣ በዚያ ይመዘናል። የጎንደርንም የጅማንም ልምድ ካነበባችሁ አንድ ነገር ታገኛላችሁ፦ መምህሩ አብሮ ይወጣል። የጤና ትምህርት ይህን መቼም አልተወውም፤ ሐኪም በማኅተም ብቻ ሲመረቅ ማየት ማንም አይፈልግማ!

ኢንጂነሪንጉም ቢሆን ከእኛ ይሻላል። በጀርመን ድጋፍ በተካሄደው የኢንጂነሪንግ አቅም ግንባታ ፕሮግራም ዘመን ሥርዓተ ትምህርቱ ሲከለስ፣ ለኢንተርንሺፕ አንድ ሙሉ ሴሚስተር ተቆረጠለት። ስለዚህ አንድ ዶርም ውስጥ ከሚያድሩ ሁለት ልጆች፣ ኮድ የሚጽፉበት ላፕቶፕ አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ፣ በኢንጂነሪንግ ስም የተመዘገበው ሴሚስተሩን ሲወጣ ኮምፒውተር ሳይንሱ ክረምቱን ብቻ ይሰጠዋል።

እስቲ ሒሳቡን አብረን እናስላ። አንድ ተማሪ ሐምሌንና ነሐሴን፣ በሳምንት አምስት ቀን፣ በቀን ስምንት ሰዓት ቢሠራ ከ320 ሰዓት አያንስም። በአውሮፓው አቆጣጠር፣ በእኛም ብዙ ሥርዓተ ትምህርቶች በተጻፉበት ኢሲቲኤስ፣ አንድ ክሬዲት ከ25 እስከ 30 የሥራ ሰዓት ነው። 320ውን ብታካፍሉት ከ10 በላይ ክሬዲት ይወጣዋል፤ የሁለት ጠና ያሉ ኮርሶች ያህል መሆኑ ነው። አሁን ቤታችሁ ግቡና ትራንስክሪፕታችሁን ተመልከቱ፤ ስንት ተሰጣችሁ? ዩኒቨርሲቲዎች ክብደቱን የሚያሳንሱት ያለ ምክንያት አይደለም። ያላዩትን ሥራ በ10 ክሬዲት ቢመዝኑ የተማሪውን አማካይ ውጤት ማኅተም እንደሚወስነው ያውቁታል። አንዳንዱ ግቢማ ፊደል መስጠቱንም ትቶ «ፓስ» ብሎ ያልፈዋል። ክብደቷ ያነሰች ኮርስ ደግሞ መምህሩም ተማሪውም አይደክሙባትም።

እንግዲህ ሥራው በእውነት ሲሠራ ምን እንደሚመስል ቀረብ ብለን እንይ። እንበልና አንዲት ተማሪ ሱሉልታ ውስጥ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ተመደበች። ሐምሌ ነው፤ የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ተዘግቶ ቆጠራ ላይ ናቸው። የንብረት ክፍሏ ኃላፊ ገቢውን በሞዴል 19፣ ወጪውን በሞዴል 22 ይዘዋል፤ ለየዕቃው ቢን ካርድ አላቸው። ልጅቷ እነዚህን ካርዶች ወደ ኮምፒውተር የምታስገባበት ትንሽ ሲስተም ትሠራለች። ያለፈውን የመስከረም ካርድ አስገባች፣ አንድ ችግር የለም። የጥቅምቱ ላይ ስትደርስ ሲስተሙ ቆመ።

«እትዬ፣ የጥቅምት 30 ወጪ አልመዘግብም አለኝ።»

«ጥቅምት 30 ምን አደረገው? ያን ቀን እኮ ጎማ አውጥቻለሁ፤ ፈርሞ የወሰደው ሾፌር እዚሁ አለ።»

የሆነው ይህ ነው። ቀኑን በእኛው አቆጣጠር ወር ሁለት፣ ቀን 30 ብላ ስታስገባ፣ ዳታቤዙ ፌብሩዋሪ 30 ብሎ አነበበው፤ ፌብሩዋሪ ደግሞ 30 የለውም። ጥቅምት 29ን በአራት ዓመት አንዴ ይቀበላታል። ጳጉሜንን ጨርሶ አያውቃትም፤ ለእሱ አሥራ ሦስተኛ ወር የሚባል ነገር የለም። የቆየ ማይኤስኪውኤል ላይ ብትሠራው ኖሮ ደግሞ የባሰ ነው፤ እምቢ በማለት ፋንታ ቀኑን ዜሮ ዜሮ አድርጎ ዝም ብሎ ያስቀምጠው ነበር። የጎማው ወጪ ቀን የሌለው ሆኖ ይቀራል፣ ኦዲተር ሲመጣም ተጠያቂዋ እትዬ ናቸው።

ልጅቷ አሁን መወሰን አለባት። ቀኑን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ቀይራ ታስቀምጥና ስታሳይ ትመልሰው? ወይስ ቀን፣ ወርና ዓመትን በሦስት ቁጥር ለየብቻ ትያዘው? ሁለተኛው ለጊዜው ይቀላል፤ ነገር ግን «ከሰኔ 15 እስከ ሐምሌ 10 የወጣውን አውጪልኝ» ሲሏት ፍዳዋን ታያለች። ከዚያ ደግሞ ቅጾቹ በአፋን ኦሮሞ ናቸው። የዕቃውን ስም አንዱ ጸሐፊ አናባቢውን ደርቦ፣ ሌላው ሳይደርብ ጽፎታል፤ ፍለጋው ግማሹን ጎማ አያገኘውም። «የአባት ስም» የሚለውን ሣጥንም ከፈረንጅ ፎርም ቀድታ «የቤተሰብ ስም» ብላው ከነበር፣ ወንድምና እህት እንጂ አባትና ልጅ አንድ ስም እንደማይጋሩ እዚያው ትማራለች።

ይህ የዳታቤዝ ትምህርት ነው፤ የሶፍትዌር ምህንድስናም ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ እሱ መመረቅ የማይቻለው፣ 50 በመቶ የሚጠየቅበት የመውጫ ፈተና ግን አይጠይቀውም፤ ሊጠይቀውም አይችልም፣ የምርጫ ጥያቄ ነውና። ልጅቷ ይህን መሥራቷን ማወቅ የሚቻለው አጠገቧ ቆሞ «እስቲ ጳጉሜን 3ን አስገቢ» በማለት ብቻ ነው። ሦስት ደቂቃ አይፈጅም፤ ሱሉልታ ድረስ መሄድን ግን ይጠይቃል።

ችግሩም እዚህ ላይ ነው። ልጆቻችን ትምህርት ሚኒስቴር በመደባቸው ይበተናሉ፦ አንዱ ጅግጅጋ፣ ሌላዋ አርባ ምንጭ፣ ሦስተኛው ባሕር ዳር። ክረምት ሲሆን ሁሉም ቤቱ ይመለሳል። የባሕር ዳሩ መምህር 500 ኪሎ ሜትር ገደማ አቋርጦ ሰበታ ላይ አንድ ተማሪ ሊያይ አይመጣም፤ ልምጣ ቢልም አበሉን የሚፈርምለት የለም። ስልክ ደውሎ «እንዴት ነው ልጁ?» ይላል፣ «ጎበዝ ነው» ይባላል፣ ያበቃል።

ግን ካርታውን ተመልከቱት። ሰበታ የጅማ መንገድ ላይ ናት፤ በዚያው መስመር የአምቦ ዩኒቨርሲቲ ወሊሶ ካምፓስ አለ፣ አለፍ ብሎ ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ። ቡራዩ የአምቦ መንገድ መግቢያ ናት። ሱሉልታ የጎጃም መንገድ ላይ ናት፤ ፍቼ ላይ ሰላሌ ዩኒቨርሲቲ አለ። አዲስ አበባ ውስጥ ያሉትን ጨምሩበት። ታዲያ ሰበታ ያለውን የባሕር ዳር ተማሪ የወሊሶ መምህር ለምን አያየውም? ባሕር ዳር ቤቱ የተመለሰውን የአምቦ ተማሪ ደግሞ የባሕር ዳር መምህር ይየው። ብድር በምድር ነው። ለማስተርስ መመረቂያ ጽሑፍ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የውጭ ፈታኝ ስንጠራ ኖረናል፤ ፈታኙ የሰጠውን ውጤትም ተቀብለን እንመዘግባለን። ለኢንተርንሺፕ ሲሆን ምን ያግደናል?

ሁለት ጉብኝት ይበቃል። የመጀመሪያው በሁለተኛው ሳምንት ነው፤ መምህሩ፣ ተማሪውና የመሥሪያ ቤቱ ሰው ተቀምጠው ልጁ የሚሠራውን አንድ ነገር ይወስናሉ፣ በአንድ ገጽ ይጽፉታል። የጽዳትና የፕሪንተር ሥራ እዚያ ገጽ ላይ አይገባም። ሁለተኛው መጨረሻ ላይ ነው፤ ማሽኑ ፊት ለፊት የቃል ፈተና። ቻት ጂፒቲ ኮዱን ቢጽፍለት ግድ የለኝም፤ ለምን እንዲህ እንደተጻፈና የት ላይ እንደሚሰበር እዚያው ቆሞ ያስረዳኝ።

ባልደረቦቼ «የሥራ ጫናውን ማን ይቆጥርልናል?» ይሉኛል። ትክክል ናቸው። መምህሩ በሳምንት የሚያስተምረው ሰዓት ሲሰላ ይህ ጉብኝት ካልተቆጠረለት በበጎ ፈቃድ አይዘልቅም። ኮርሷ 10 ክሬዲት ስትሆን ግን ለመምህሩም የሚቆጠርለት ነገር ይኖራል። ክብደቷ እንዲጨምር የምፈልገው ለተማሪው ውለታ ለመዋል አይደለም፤ በቀላል ሚዛን ላይ የመምህሩ ጉዞ ቦታ ስለሌለው ነው።

ወደ ፋብሪካና መሥሪያ ቤት ኃላፊዎች ልመለስ። ሰበታ ከ1950ዎቹ ጀምሮ የቢራ ፋብሪካ ያላት ከተማ ናት፤ ከዚያ ወዲህ ጨርቃ ጨርቁም ሌላውም ተከትሏል። የጅቡቲው አዲሱ ባቡር መስመርም የሚጀምረው ከዚያው ነው። ሱሉልታ ውኃ ታሽጋለች፣ ሯጮች ታስተናግዳለች። ቡራዩ የገፈርሳን ውኃ ከ1930ዎቹ ጀምሮ ለአዲስ አበባ ስታጠጣ ኖራለች። «እኛ ዘንድ የአይቲ ሥራ የለም፤ አንድ አይቲ አለችን፣ እሷም ትበቃናለች» ትሉኛላችሁ። ፔችትሪ ላይ የሚሠራው ሒሳብ ሹም ወር በመጣ ቁጥር ሪፖርቱን ወደ ኤክሴል ገልብጦ፣ በእጁ ደምሮ፣ ለሥራ አስኪያጁ የሚልክ ከሆነ ግን የአንድ ተማሪ የክረምት ሥራ አላችሁ። የማሽን ብልሽት በደብተር የሚመዘገብ ከሆነም እንደዚሁ። አዲስ አበባ ያሉት ትልልቆቹ የሶፍትዌር ቤቶች ልጁን ሊያስተምሩት ይችላሉ፤ እዚያ ግን ሠላሳ ሆነው አንድ ስብሰባ ላይ ይቀመጣሉ። እናንተ ዘንድ ብቻውን ነው፤ ሥራው ከተበላሸ መበላሸቱ በማግስቱ ይታያል። እኔ ይህን እመርጣለሁ።

«መረጃችን ይወጣል» የሚለው ስጋት እውነተኛ ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ደግሞ የሠራተኛን ደመወዝና ስልክ ለተማሪ ገልጦ መስጠት የሕግ ጥያቄም ያስነሳል። መፍትሔው ልጁን ከበር መመለስ አይደለም። የሲስተሙን ቅጂ በሐሰተኛ ስሞችና ቁጥሮች ሞልታችሁ ስጡት፣ ምስጢር ጠባቂነት አስፈርሙት፣ ዋናውን ማሽን አታስነኩት። ስሞቹን መቀየሩ ራሱ የመጀመሪያ ሳምንት ሥራው ይሁን፤ በእናንተው ሰው ፊት።

ስለ ገንዘብ አንድ ነገር ልበል፤ ወላጆች የምትጠይቁኝ እሱን ነው። በሲንሲናቲም በዋተርሉም ተማሪው ለሥራው ይከፈለዋል። እዚህ በነፃ መሥራቱ ሳያንስ፣ በግል ኮሌጅ የሚማረው ክፍያው በክሬዲት አወር የሚታሰብ ስለሆነ፣ በነፃ ለሠራበት ክረምት እሱው ይከፍላል። ኮሌጁ በዚያ ገንዘብ መምህር ልኮ ካላሳየ ምን እንደሸጠለት ልትጠይቁ ይገባል። ፋብሪካዎችን ደመወዝ ክፈሉ አልልም፤ የሠራተኛ ሰርቪሳችሁ ላይ አንድ ወንበር፣ ካንቲናችሁ ውስጥ አንድ ምሳ ግን አይከብዳችሁም። ሴት ልጅ ያላቸው ወላጆች የሰርቪሱ ነገር ምን ማለት እንደሆነ ያውቁታል፤ ከመሸ በኋላ የአለም ገናን ወይም የአሸዋ ሜዳን ታክሲ መጠበቅ ለአንዳንዷ ቤት መቅረት ማለት ነው።

የሚቀረኝ የዘንድሮ ሥራ ነው። የትብብር ደብዳቤው በሰኔ ይወጣል፤ ስለዚህ ተማሪ ለመቀበል ያሰባችሁ ኃላፊዎች ከግንቦት 30 በፊት፣ የምታሠሩትን አንድ ሥራና የሚከታተለውን ሰው ስም በግማሽ ገጽ ጽፋችሁ ስጡን፤ ደብዳቤው በስማችሁ እንዲመጣላችሁ። ተማሪዎች ክረምቱን የምታሳልፉበትን ከተማና የዩኒቨርሲቲያችሁን ስም በር ላይ ባለው መዝገብ ጻፉ። ከየትኛው ግቢ ስንት ልጅ በየትኛው ከተማ እንዳለ በቁጥር ከያዝን፣ የወሊሶና የፍቼ ባልደረቦቻችንን የምንጠይቀው ባዶ እጃችንን አይሆንም። እስከዚያው ቡራዩ የሚመደቡትን እኔው አያቸዋለሁ፤ ቤቴም እዚሁ ነው። በሉ አሁን ጥያቄ ያላችሁ፤ ከኋላ እጃቸውን ካነሡት እናት እንጀምር።